የአሥራ ስድስት ሰዓት መንደር

ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ሳለሁ ተማሪዎቼ ድርሰት ሲጀምሩ እጃቸው የለመዳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ «ዛሬ ዓለም አንድ መንደር በሆነችበት ዘመን…» የምትል። ርዕሱ ምንም ይሁን ምን ግድ የላትም። ስለ ንባብ ባህል ጻፉ ብትሏቸው ዓለም መንደር ትሆናለች፤ ስለ ቡና ጻፉ ብትሏቸውም ትሆናለች። እኔም በቀይ እስክሪብቶ ከሥሯ እያሰመርኩ «የማን መንደር?» ብዬ እጽፍ ነበር። መልስ የሰጠኝ ተማሪ አላስታውስም። ከክፍል ወጥቼ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ስጀምር ደግሞ ቀድማኝ እዚያ ተቀምጣ አገኘኋት። በስብሰባ መክፈቻ ንግግር አለች፣ በሬዲዮ ውይይት አለች፣ በባንክ ማስታወቂያ አለች። አንዳንዴማ አጃቢ ይዛ ትመጣለች፤ «እንደሚታወቀው ዓለም አንድ መንደር ሆናለች።» በማን እንደሚታወቅ ግን አይነገረንም።

የአባባሉ አባት ካናዳዊው ማርሻል ማክሉሃን ነው። እሱም የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበር፤ ሙያችን ጣጣ አያጣውም። በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ዓለምን በመንደር ሲመስላት ስለ አውሮፕላን እያወራ አልነበረም። ጉዳዩ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ በአጭሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነበር። ወሬ በአንድ ጊዜ ከሁሉም ጆሮ የሚደርስ ከሆነ የዓለም ሰው እንደ ጥንቱ የመንደር ሰው ይኖራል ነው ያለው። መንደር የሰላም ቦታ ነው ብሎም አላታለለንም፤ መንደርተኛ አንዱ በሌላው ጉዳይ እየገባ እንደሚናቆር ያውቅ ነበር። እኛ ግን ሽቦውን አወጣንና በቦታው አውሮፕላን አስገባንበት። «ዛሬ ማታ ቦሌ ትሳፈርና ነገ ዋሽንግተን ቁርስህን ትበላለህ» ይባላል። እስቲ ይህችን ቁርስ እንመርምራት።

በመጀመሪያ ነገር ቁርስ አይደለችም። ማታ ከአዲስ አበባ የተነሣው መንገደኛ ዋሽንግተን በጠዋት ሲደርስ አገሩ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ እናቱ ቤት መክሰስ እየቀረበ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል እንደ ወቅቱ የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። ማታንና ጠዋትን ብቻ የሚቆጥር ሰው አንድ ሌሊት የበረረ ይመስለዋል። አካሉ ግን ያን ያህል ሞኝ ስላልሆነ የተዋጡትን ሰዓታት ሳምንት ሙሉ ሲያስከፍለው ይከርማል።

የጉዞ ወኪል ወረቀት ላይም ሆነ ስልካችሁ ላይ የምታገኟት አንዲት መስመር አለች፤ አዲስ አበባ–ዋሽንግተን፣ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 16 ሰዓት ከምናምን። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ክፉ አመሉ ሁሉን ነገር እንደ ድርሰት ማንበቡ ነው። ስለዚህ እጠይቃለሁ። ይህችን መስመር የሚተርክልን ማነው? ምኑን ነገረን? ምኑንስ ዘለለው?

ኪሎ ሜትሩ ሐሰት አይደለም። የምድርን ክብነት ተከትሎ ከቦሌ እስከ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ክር ቢዘረጋ የሚገኘው ርዝመት ነው። (ዳለስም ቢሆን ዋሽንግተን ውስጥ አይደለም፤ ቨርጂኒያ ነው፤ ከከተማው መሃል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ይህም ተዘሏል።) ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ ሰማይ አልፎ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ፣ ስፔንና ፖርቱጋል ላይ ብቅ ብሎ ወደ አትላንቲክ ይገባል። መልካም። ነገር ግን ክር ጦርነት አያውቅም። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ሱዳን ውስጥ ውጊያው ሲፈነዳ የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘጋ። 11,560 የምትለው ቁጥር በዚያም ቀን ያው 11,560 ነበረች፤ አብራሪው ነው ዙሪያ መሄድ የነበረበት።

ከዚያ ደግሞ ማረፊያው አለ። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በተለያዩ ዓመታት ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ እያረፈ ሄዷል። በደብሊን ሲሆን መንገዱ 11,830 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በሎሜ ሲሆን 12,700 ኪሎ ሜትር ገደማ። በሎሜው ትርፍ ብቻ ከአዲስ አበባ መቀሌ በአየር ደርሶ መመለስ ይቻላል። መንገደኛው ብዙ ጊዜ ለምን እንደቆመ አያውቅም። በመስኮት ሲያይ የማያውቀው አገር አስፋልት ነው፤ ከመቀመጫው ሳይነሣ ይቆይና እንደገና «ቀበቶዎን ይሰሩ» ይባላል።

ምክንያቱ የእኛው ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል፤ ዳለስ 100 ሜትር አይሞላም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ያንሳል፣ ክንፉን የሚደግፈውም ያንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ መሮጥ ይኖርበታል። አስፋልቱ ደግሞ ያልቃል። እንግዲህ ክብደት መቀነስ የግድ ነው፤ ወይ ሰው፣ ወይ ሻንጣ፣ ወይ ነዳጅ። ሰውና ሻንጣ ገንዘብ ስለሆኑ ነዳጁ ይቀነስና መንገድ ላይ ይሞላል። በዚህ ላይ ላይኛው ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለው፤ ሂያጁን ፊት ለፊት ይገጥመዋል፣ ተመላሹን ከኋላው ይገፋዋል። ውጤቱ መሄጃው 16 ወይም 17 ሰዓት፣ መመለሻው ያለ አንዳች ማረፊያ 13 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። አንድ መንገድ ሁለት ርዝመት አለው ማለት ነው። ገጣሚ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ «አገር ልጇን አልለቅም እያለች፣ ሲመለስ ግን እጇን ዘርግታ ስትቀበል ነዋ!» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አይደለም። የአየር ስስነት ነው።

እዚህ ላይ አማርኛችን መንገድን እንዴት ይለካ እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። የጥንቱ ሰው «የሦስት ቀን መንገድ» ይላል። ይህ አባባል በኪሎ ሜትር አይመነዘርም፤ መለኪያው ሂያጁ ነውና። የሦስት ቀን መንገድ ሲባል ዳገቱ አለበት፣ ማደሪያው አለበት፣ በክረምት የሚሞላው ወንዝ አለበት፣ የበቅሎዋ ድካም አለበት። የገጠር ሰው «ምን ያህል ያስኬዳል?» ብትሉት መልሶ «በእግር ነው በበቅሎ?» ይላችኋል። «እዚችው ናት» ብሎ የጠቆማችሁ ቦታ ግማሽ ቀን ቢያስኬዳችሁ ዋሽቷችሁ አይደለም፤ በራሱ እግር ለክቶላችሁ ነው። አነጋገሩን ኋላ ቀር ነው ብለን ስቀንበታል። እኔ ግን ከዚያች የበረራ መስመር ይልቅ እሱን አምናለሁ። ቢያንስ ስለ ማን መንገድ እንደሚነግረኝ አውቃለሁ።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተንም ቢሆን የእግርና የበቅሎ ዘመን ነበረው። በ1903 እ.ኤ.አ. ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አፄ ምኒልክ ዘንድ ሲመጣ ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን በበቅሎና በግመል ነው የገፋው። በ1911 ዓ.ም. (1919 እ.ኤ.አ.) ደጃዝማች ናደው፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ፣ ከንቲባ ገብሩ ደስታና አቶ ስንቄ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ያሸነፉትን መንግሥታት እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት ተልከው አሜሪካ ደርሰዋል። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ፣ ባሕር ከባሕር እያቋረጡ ሄደው ፕሬዚዳንት ዊልሰንን አነጋግረው ተመለሱ። መንገዱ ረጅም ነበር፤ ግን አንድ ነበር። ሰውየው፣ ደብዳቤውና ወሬው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይደርሳሉ። ቴሌግራም ቢኖርም ለቤተ መንግሥት እንጂ ለባልቴት አልነበረም።

የዛሬው መንገድ ግን ተሰነጣጥቋል። ድምፅ አለ፣ ሰው አለ፣ ወረቀት አለ፤ ሦስቱም ለየብቻቸው ይጓዛሉ። ድምፅ በሰከንድ ይደርሳል። ሰው በ16 ሰዓት። ወረቀት መቼ እንደሚደርስ የሚነግራችሁ የጉዞ ወኪል የለም። ዓለም መንደር ሆነች የሚለን ሰው የድምፁን ፍጥነት ይዞ ስለ ሰውየው ይነግረናል፤ ስለ ወረቀቱ ዝም ይላል። የእኔም ክርክር ከዚህ ዝምታ ጋር ነው።

ወረቀቱን እንይ። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጣቸው አብዛኞቹ የጎብኚ ቪዛዎች ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግሉና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገቡ እንዲሆኑ ተወሰነ። በዚያ ሳምንት አንድም ኪሎ ሜትር አልተጨመረም፤ ነፋሱም አልተለወጠም። የልጇን ልጅ ለማየት የምትሄድ እናት ግን ስትመለስ መንገዱ ከኋላዋ ይዘጋል፤ እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና የባንክ ደብተር፣ እንደገና በመስኮት በኩል «ለምን ትሄጃለሽ?» የሚል ጥያቄ። የልጅ ልጅን ለማየት ለምን እንደሚሄዱ በሁለት ደቂቃ ማስረዳት እኔ አስተምረው ከነበረው የድርሰት ትምህርት ይከብዳል። ገንዘቡንም እንጨምርበት። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በዓመቱ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ደርሷል። ደመወዙን በብር ለሚበላ ሰው ዋሽንግተን በዚያ ዓመት እጥፍ ራቀች። ይህን የሚያሳይ ካርታ አላየሁም።

እዚያ ያለውስ? አረንጓዴ ካርድ ወይም ፓስፖርት ያለው ሻንጣውን ሞልቶ ይመጣል፤ ለእሱ 13 ሰዓት እውነት ነው፤ እኛም የምናየው እሱን ስለሆነ ሁሉም እንደ እሱ ይመስለናል። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ግን ወደ አገሩ ቢመለስ ጉዳዩ ይበላሽበታል። በየቀኑ የሚነሣው አውሮፕላን በራሱ ላይ ያልፋል እንጂ አይጭነውም። ከዚህ ሰው ጋር ስለ 11,560 ኪሎ ሜትር ማውራት ነውር ነው። የእሱ መንገድ የሚለካው በዓመት ነው፤ ያውም መጨረሻው በማይታወቅ ዓመት።

ሥነ ጽሑፋችን፣ ፊልማችንና ዘፈናችን ለዚህ ሰው ምን አደረገለት ብዬ ስጠይቅ ብዙም አላገኝም። አውሮፕላን ማረፊያ እንወዳለን። የቦሌ በር ላይ እንባ አለ፣ መሐረብ አለ። በሚቀጥለው ክፍል ገጸ ባሕሪው ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ አማርኛውን ሰባብሮ ይመለሳል። መሃሉ የለም። ድራማችን ልክ እንደ ጉዞ ወኪሉ መስመር መነሻና መድረሻ ብቻ ነው የሚያውቀው። መሃሉን የጻፈልን ዲናው መንግሥቱ ነው፤ እሱም በእንግሊዝኛ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያ ልቦለዱ ውስጥ ሴፋ እስጢፋኖስ የሚባል፣ አባቱን አብዮቱ የበላበት ሰው ዋሽንግተን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ይኖራል። ከኬንያዊና ከኮንጎአዊ ጓደኞቹ ጋር ሲገናኙ ጨዋታቸው የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥታት በአምባገነን ስምና በዓመተ ምሕረት መጠያየቅ ነው። አገራቸው የሚሄዱት በዚያ ጨዋታ ነው። ይህን መጽሐፍ ያነበበ ሰው «ዛሬ ማታ ተሳፍረህ ነገ ቁርስ» ለማለት አፉ ይያዛል።

አሁን ወደ መንደር እንመለስ፤ ቃሉን የወሰዱት ከእኛ ነውና የምንፈትነውም በእኛ ነው። መንደር ማለት ምን ማለት ነው? ጎረቤት ቤት እሳት መጫር፣ ቡና መጠራራት ነው እንበል። ከሁሉ በላይ ግን መንደር ማለት ለቅሶ የሚደረስበት ቦታ ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ወይም ጩኸት ሲሰማ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሁሉ ይወጣል። ቀብሩ በዚያው ቀን ነው፣ ቢቆይ በማግሥቱ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ ብዙ አይለያዩም። እንግዲህ 13 ሰዓት ይዘን እንቁጠር። ትኬት ለመቁረጥ ጥቂት ሰዓት፣ ዳለስ ለመድረስ ጥቂት ሰዓት፣ አውሮፕላኑ የሚነሣው በቀን አንዴ ነው እንበል። ሁሉም ቢሰምር፣ ነፋሱም ከኋላ ቢገፋ፣ ልጅ እናቱን አይቀብርም። ሠልስት ላይ ከደረሰ ዕድለኛ ነው።

ያውም በጊዜው ከተነገረው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይህ ሕጋችን ባሕር ተሻግሮ እዚያም ሄዷል። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፤ ዋሽንግተን መሃል አንድ ሆቴል ምድር ቤት መኪና ያቆማል። እናቱ ረቡዕ ሌሊት አረፉ። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበሩ። ወንድሙ ዓርብ ዕለት ደውሎለት ስለ መብራት መጥፋት አውርተዋል፤ «እማዬስ?» ሲለው «ተኝታለች» ብሎታል። እሑድ ሥራ የማይገባበት ቀን ስለሆነ ጓደኞቹ ተሰብስበው በማለዳ በሩን አንኳኩ። ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ደጁ ላይ ሲያይ ሳይነግሩት አወቀ። ከዚያ በኋላ እንዳጫወተኝ ለብዙ ቀን ያብሰለሰለው አንድ ነገር ነበር፤ ሐሙስ ከጠዋቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በእነሱ አቆጣጠር ማለት ነው፣ የማንን መኪና እያቆመ እንደነበር ማወቅ። የሥራ መዝገቡን ሄዶ አይቷል። አንድ ነጭ ቶዮታ ነበር።

ወንድሙን ጨካኝ ነው አልልም። ምን ያድርግ? ደርሶ ለማይቀብር ሰው ቶሎ መንገር ምን ይጠቅማል ብሎ ነው። መርዶን ያዘገየነው ድምፁ ከሰውየው ቀድሞ ስለደረሰ ነው፤ ሁለቱን ለማስታረቅ ያገኘነው ዘዴ ነው። ይህን ዘዴ የፈጠረው ሕዝብ ዓለም መንደር እንዳልሆነች ከሁሉም በላይ ያውቃል፤ የሚረሳው ንግግር ሲጽፍ ብቻ ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ቀብሩ በስልክ ይተላለፋል። አንድ የአክስት ልጅ ከመቃብሩ ጫፍ ቆሞ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ እጁ ይዝላል፣ ምስሉ ወደ ሰማይ ይሄድና ይመለሳል። የሁለቱ ከተሞች ሰዓት በዚህ ጊዜ የሚሠራው ሥራ አለ። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ በሚመልሱባቸው ወራት እኛ ጋ ሦስት ሰዓት ሲል እነሱ ጋ አንድ ሰዓት ይላል። ለዓይን ሁለት ሰዓት ብቻ የሚለያዩ ይመስላሉ፤ የእኛው ግን ጠዋት ነው፣ የእነሱ ውድቅት። እዚህ ቀትር ላይ የሚፈጸም ቀብር እዚያ ገና ሳይነጋ ከሌሊቱ አራት ሰዓት ነው። ሰውየው የጋራ መኖሪያ ቤት ጓደኞቹን እንዳይቀሰቅስ መኪናው ውስጥ ገብቶ ያያል። ለማልቀስም መስኮቱን ይዘጋል። ካህኑ «አፈር ይቅለላቸው» ከማለታቸው በፊት ኔትወርኩ ይቆረጣል፤ ምስሉ አንዲት ጥላ የያዘች ሴት ላይ ቆሞ ይቀራል። ደጋግሞ ይደውላል። ሲነሣለት ሰዉ ወደ ድንኳኑ እየተመለሰ ነው፤ አንዱ «አይዞህ፣ በደንብ ሸኘናቸው» ይለዋል፣ ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ሥራ የሚገባው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።